ሦስተኛዋ ትንፋሽ

ደባርቅ ገበያ ውስጥ ገመድና ሸራ የምሸጠው እኔ ሸሀቡ ብቻ አይደለሁም። ጋሽ ፀጋው ግን ከእኔ ሱቅ ሌላ አይገቡም፤ ሌሎቹ ፊት ለፊት ይስቁባቸዋል፣ እኔ የምስቀው ከወጡ በኋላ ነው። ሰውዬው ሁሉን ነገር የሚገዙት ሁለት ሁለት ነው። ገመድ ሁለት፣ የእጅ ባትሪ ሁለት፣ የዝናብ ልብስ ሁለት። አንዱ ለሥራ ነው፤ ሁለተኛው በቅሎዋ ላይ ታስሮ ጨነቅ ከሚባለው የተራራ ሰፈር ደርሶ ይመለሳል። የገበያው ሰው ስማቸውን ትቶ "ሁለቴ" ይላቸዋል። አንድ ቀን እኔም፣ አፌን ይቁረጠውና፣ "ጋሽ ፀጋው፣ ሁሉ ነገር ሁለት ሆኖ ሚስት ግን አንድም የለዎት" ብዬ ቀለድኩባቸው። አልተቆጡም። ገመዳቸውን ጠቅልለው "እውነትህን ነው" ብለው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። ሥራቸው የእንግዶችን ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ወደ ተራራው ማድረስ ነው፤ እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ለመካነ ብርሃን ከተማ ነጋዴዎች እህል ይጭናሉ። ቤታቸው ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ናት፤ ከበቅሎዋ በቀር ደጃፏን የሚያንኳኳ የለም። ትውልዳቸው ዳባት ነው። በልጅነታቸው ቴዎፍሎስ ከሚባል የመሪጌታ ልጅ ጋር አብረው ባሕር ኃይል ገቡ፤ ምጽዋ ላይ ሁለቱም ጠላቂ ሆኑ። ይህን ለደባርቅ ሰው ብነግረው ማን ያምነኛል? የደጋ ሰው፣ አየር የታጨቀበት ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ ባሕር ወለል ላይ ሲሠራ! እኔም ያመንኩት ጆሯቸው ያኔ ተጎድቶ ዛሬም በደንብ ስለማይሰማ ነው። ቴዎፍሎስ በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት እዚያው ሞተ። ጋሽ ፀጋው ብቻቸውን ተመለሱ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ወደ እኔ ይመጣሉ። በእሳቸው ሰፈር ኔትወርክ የለም፤ እኔ በር ላይ አለ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሶልያና ከጅቡቲ ትደውላለች። የቴዎፍሎስ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። እናቷም ከሦስት ዓመት በፊት ስላረፈች፣ አባቷን በአካል የሚያውቅ የቀራት ሰው ጋሽ ፀጋው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ከእሷ ሌላ የሚደውልላቸው የለም። ጆሯቸው ስለማይሰማ ስፒከሩን ይከፍቱታል፤ ስለዚህ እኔም ብወድም ባልወድም እሰማለሁ። ስለ በቅሎዋ ትጠይቃለች፣ ስለ ጉልበታቸው ትጠይቃለች። ከዚያ "እስቲ አንድ የአባቴን ነገር ይንገሩኝ" ትላለች። አንዷን ቀልዱን ወይ አንዱን ጥፋቱን ይነግሯታል። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያላወሩትን በዚያች ሩብ ሰዓት ያወሩታል።

በግንቦት ወር ውስጥ አንድ እሑድ ደስ ብሏት ደወለች።

"ጋሽ ፀጋው፣ ጉድ ልንገርዎት? መጥለቅ ተማርኩ! ለመዝናኛ ነው፤ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር። የአባቴን ባሕር ከታች አየሁት እኮ።"

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። "ስንት ሲሊንደር ትይዣለሽ?" አሉ።

"አንድ ነዋ።"

"ትንሽ መጠባበቂያ ያዢ። በጎን የምትታሰር አለች።"

ሳቀች። "አስተማሪያችን አያስፈልግም ይላል። ለመዝናናት፣ ከጥልቁ ሳንደርስ፣ ጓዝ ማብዛት ነው። ደግሞ አየር ቢያልቅብኝ ጓደኛዬ አለች፤ ከእሷ ሲሊንደር የሚወጣ ሁለተኛ መተንፈሻ አላት። መጠባበቂያሽ ጓደኛሽ ናት ነው የሚለን።"

"ጓደኛ መጠባበቂያ አይደለም" አሉ ጋሽ ፀጋው። "ሰው ነው።"

"እርስዎ እኮ ዝናብ ልብስም ሁለት ነው የሚይዙት!" አለችና ደግማ ሳቀች። "እሺ፣ በሚቀጥለው እሑድ ያሳምኑኝ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ የሰመጠች መርከብ ልናይ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ፀጋው አልተነሡም። እኔም እንደ ልማዴ "ልጅቱ እውነቷን እኮ ነው" ብዬ ልቀልድ ስል፣ እኔን ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

"ከመርከብ ግርጌ ውሃውን በሚመታው መዘውር ላይ የተጠመጠመ ገመድ ልንፈታ ወርደን ነበር። የእኔ አየር አለቀ። የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ስወርድ የአየሩን መጠን አላየሁም። ያኔ እንደ ዛሬው ሁለተኛ መተንፈሻ የለም። ጓደኛህ የሚተነፍስበትን ጎማ ከአፉ አውጥቶ ይሰጥሃል፣ ሁለት ጊዜ ትተነፍስና ትመልስለታለህ፣ እሱም ሁለት ተንፍሶ ይሰጥሃል። ሁለት ሁለት። እንደዚያ እየተቀባበላችሁ ትወጣላችሁ። ሺህ ጊዜ ተለማምደነዋል። ቴዎፍሎስ ሰጠኝ። አንድ ተነፈስኩ፣ ሁለት ተነፈስኩ። ሦስተኛዋንም ተነፈስኩ።"

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

"እጄን ያዘ። መመለስ አቃተኝ፣ ሸሀቡ። አእምሮዬ መልስ ይለኛል፣ ጥርሴ ነክሶ ይዞታል። እየታገለኝ ወጣን። ውሃው ላይ ስንደርስ ነፍሱ ወጥታለች። ሲሊንደሩ የራሱ ነው፤ በራሱ ጀርባ ላይ ነው፤ አየርም ነበረበት። ጀልባዋ ሳትደርስብን ጎማውን ወደ አፉ መለስኩት። ያወጡን ሰዎች ልቡ ቆሞ ነው አሉ። እኔም አዎ አልኩ። ለእናቷም እንደዚያው ነገርኳት።"

እንደዚህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰውየውን ስንት ዓመት ሙሉ "ሁለቴ" እያልኩ ስስቅ መኖሬ አንገበገበኝ። የመጣልኝን ተናገርኩ፦ "አይንገሯት። መጠባበቂያ ያዢ ብለው ይቆጧት እንጂ ይህን አይንገሯት። ከእሷ ሌላ ማን አለዎት?"

"ማንም የለኝ" አሉ፣ ተነሥተውም ሄዱ።

ሳምንቱን በራሴ ስሟገት ከረምኩ። አንዳንዴ ምክሬ ልክ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ልጅቱ በሌላ ሰው ትንፋሽ ተማምና ስትወርድ ትታየኛለች።

እሑድ መጡ። ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"እስቲ ያሳምኑኝ!" አለች እየሳቀች።

"ያቺ ጓደኛሽ ስትፈራ አይተሻት ታውቂያለሽ?"

"ኧረ ጎበዝ ናት።"

"እኔም ጎበዝ ነበርኩ" አሉ። ከዚያ ነገሯት። ለእኔ እንደነገሩኝ፣ ቃል ሳይቀንሱ። ሦስተኛዋን ትንፋሽ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ጎማውን ወደ አፉ መለስኩት ሲሉ ግን ተሰበረ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የተጠቀለለውን ገመድ መልሼ ስጠቀልል ነበር።

ከወዲያ የመንገድ ጡሩምባ ብቻ ይሰማል።

"ሶልያና" አሉ። "አንቺ ልጅ።"

"እናቴ ሳታውቅ ሞተች" አለች። ስልኩ ተዘጋ።

በሚቀጥለው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። አሥር ሰዓት ላይ ተነሡ። በቀጣዩም እንዲሁ። የቅዳሜው መርከብ ምን እንደ ሆነ አናውቅም፤ "እንደውልላት?" ስላቸው "እሷን የማስቸገር መብት የለኝም" አሉኝ። ጨነቅ ሲወጡ ባትሪውን ለመቆጠብ ስልኩን የሚዘጉት ሰውዬ፣ መዝጋት እንደ ተዉ ከሌሎቹ በቅሎ ነጂዎች ሰማሁ።

በሦስተኛው እሑድ፣ ሊሄዱ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ፣ ስልኩ አጭር ድምፅ አሰማ። ስልኩን ዘረጉልኝ፣ እኔ ከፈትኩት። ፎቶ ነው። ጀልባ ላይ የቆመች፣ ጸጉሯ የራሰ ሴት፤ ጀርባዋ ላይ ትልቁ ሲሊንደር፣ ጎኗ ላይ ደግሞ በማሰሪያ የተያዘች፣ ክንድ የማታህል ቢጫ ሲሊንደር። ፊቷን ወደ ካሜራው አላዞረችም።

"የጻፈችው አለ?"

ወደ ላይ ወደ ታች ፈለግሁ። "የለም።"

ስልኩን ተቀበሉኝ። ቢጫዋን በጣታቸው አሰፏት፣ ደግመው አሰፏት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ይደብቁትም አላልኳቸው።

"እኛ በወረድንበት ጥልቀት ሃያ ትንፋሽ ያህል ትሰጣለች" አሉ። "ሃያ! ለእኔ ሦስት በበቃኝ ነበር።"

ይኸው ክረምቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ ፎቶም አልመጣም። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ይመጣሉ፣ በሩ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ፤ ሞልቶ ቢመጣም እሰካዋለሁ።