የቀዳም ሹር ቲማቲም

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮሎምቢያ ሲቲ ገበያ ውስጥ፣ በአንድ ድንኳን ሥር አራት ሆነን ቆመን ነበር። ገበሬው ከሚዛኑ ጀርባ ነው፤ ከያኪማ በኩል የሚመጣ ዝምተኛ ሰው። እኔ ከቲማቲሙ ሣጥን ፊት ነኝ። ልጄ ሰናይት ከቤልቪው ሥራዋ ወጥታ ልታደርሰኝ መጥታ፣ ከኋላዬ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች ትጠብቀኛለች። ከጎኔ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ነበረች። በዲቪ ከመጣች ገና ዓመት እንዳልሞላትና ከቱክዊላ በአውቶቡስ እንደመጣች ነገረችኝ።

ገበሬው ለወጣቷ አንድ ነገር ያስረዳታል። እንደ እሷ የምግብ ድጎማ ካርድ ያለው ሰው እዚህ አትክልትና ፍራፍሬ ሲገዛ መንግሥት በላዩ ገንዘብ ይጨምርለታል። እሷ ግን የያዘችውን ጎመን መልሳ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል? የሚለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ በኋላ ገንዘቡን መልሺ ቢሉኝስ?»

«አይሉሽም።»

«እንዴት አወቁ?»

ሰናይት «ማሚ፣ ፓርክ ያደረግኩበት ሰዓት ሊያልቅ ነው» አለች። እኔ ግን እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ። መንግሥት በአትክልት ዋጋ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ በመንግሥት አትክልት ሱቅ ሻጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። አረንጓዴ የተቀባ የቆርቆሮ ሱቅ ነበር። ጠዋት በሩ ሲከፈት የእርጥብ አፈርና የብርቱካን ሽታ ይቀበለናል። ደጁ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የሽንኩርቱም የድንቹም ዋጋ በጠመኔ ይጻፋል። ዋጋውን የሚተምነው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። በጾም ወራት ነጋዴው ሽንኩርት ሲያስወድድ የእኛ ሰሌዳ አይነካም፤ ሰልፉም እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። ስለዚያ የአብዮት ዘመን ብዙ ክፉ ነገር ይነገራል፤ አብዛኛውም እውነት ነው። ሆኖም የደሃ ቤት ወጥ ሽንኩርት እንዳያጣ ያሰበ ሰው እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሱቁ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሴት። ባላቸው ሞተው ሦስት ልጆች በዚያ ደመወዝ ያሳድጉ ነበር። ያማረውን ከላይ ደርድሮ የተጨፈለቀውን ከሥር መደበቅ እሳቸው ዘንድ ክልክል ነው።

አንድ ዓመት፣ ለጾሙ የታሰበው ቲማቲም ጾሙ ሲያልቅ ደረሰ። ቀዳም ሹር ጠዋት ከአዋሽ እርሻ የመጣ መኪና ደጃችን ቆመ። ሸራው ሲገለጥ ከሣጥኖቹ ሥር የቲማቲሙ ውሃ ይንጠባጠባል። በዚያ ቀን ደግሞ የከተማው ሴት ሁሉ የምትፈልገው ለዶሮዋ የሚሆን ሽንኩርት ነው። ሱቁ እስከ ማክሰኞ ይዘጋል፤ እስከዚያ ከዚያ ቲማቲም የሚተርፍ አልነበረም።

ወይዘሮ አስካለ በሁለት በኩል ተያዙ። የበሰበሰ ዕቃ በኃላፊው ላይ ይቆጠራል። ከተተመነው ዋጋ ቀንሶ የሸጠ ደግሞ አሻጥረኛ ይባላል፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ መላ አለው» አለ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠራው ደምሴ። «ቲማቲም ያልገዛ ሽንኩርት አያገኝም እንበል። ሌሎቹ ሱቆች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

«ለበዓሏ ሽንኩርት የመጣች ሴት ያልፈለገችውን ላሸክማት?»

«እርስዎ ከሚታሰሩ እሷ ትሸከም!»

«አንተስ ለምን ወደ ቤትህ አትሸከመውም?» አሉት። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ዋጋውን እንዳትነኪ። ኪሎውን ሳታጎድዪ መዝኚ። ከዚያ በላዩ ምራቂ ጨምሪ።»

ምራቂ በየጉልቱ ያለ ወግ ነው። ባለ ጉልቷ ለክታ ከጨረሰች በኋላ አንድ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርጋለች። በመንግሥት ሱቅ ግን ምራቂ ሲሰጥ ማንም አይቶ አያውቅም።

«ምን ያህል ልጨምር?» አልኳቸው።

«እጅሽ የያዘውን።»

«በአንድ እጅ?»

«እጅሽ ስንት ነው?»

በሁለት እጄ መዛቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ የመጣችው ሴት ዘንቢሏን ወደ ኋላ ሳበች፤ ያጭበረበርኳት መስሏታል። ከዚያ ወሬው በሰፈሩ ዞረ። ፋሲካው የማይመለከታቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን መጡ። ለሰኞ ቁርስ ስልስ የሚሠሩ የቁርስ ቤት ሴቶች መጡ። ሽንኩርት ብለው የመጡትም እያዩ ይጨምሩ ጀመር።

«ምነው መንግሥት ዛሬ ደግ ሆነ?» አለች አንዷ።

«ሊድረን ነዋ!» አለቻት ከኋላዋ ያለችው። «ዝም ብለሽ ዘንቢልሽን ክፈቺ።»

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ከዋናው መሥሪያ ቤት የበዓል ተቆጣጣሪ መጣ። ሰልፉን አልፎ ሚዛኑ አጠገብ ቆመና ሲመዘንና ሲጨመር አየ።

«ጓድ አስካለ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቲማቲም ነው።»

«ከሚዛኑ በኋላ የሚጨመረውን ነው የምጠይቀው።»

«ምራቂ ነው።»

«ምራቂ ስጡ የሚል መመሪያ የለንም።»

«አትስጡ የሚልም የለንም።»

እጄ ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ወይዘሮ አስካለ ወደ እኔ ሳያዩ «እጅሽን አትሰብስቢ፤ ሰው ቆሟል» አሉኝ። የባለ ተራዋ ዘንቢል እስኪሞላ ዛቅኩ።

«ጉድለቱ በማን ሊቆጠር ነው?» አለ ሰውየው።

«በእኔ። ቢበሰብስም በእኔ ነበር። እንዲህ ሲሆን ግን ሰው ይበላዋል።»

አንዲት አሮጊት ከሰልፉ ብቅ አሉ። «የኔ ጌታ፣ ተራዬ ደርሷል። የምትወስዳቸውም ከሆነ እኔ ልግዛና ውሰዳቸው።»

ሰልፉ ሳቀ። ተቆጣጣሪው «ማክሰኞ ቢሮ ይቅረቡ» ብሏቸው ሄደ። ሱቁ ሲዘጋ ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። በዓሉን ግን ማናችንም እንደ ሰው አልዋልነውም።

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ የክት ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። ቁልፉን ለደምሴ ሰጡት። «ካልተመለስኩ ልጆቼ ምሳ እህቴ ዘንድ ነው የሚበሉት» አሉት። እሳቸው እንደሄዱ ሌላ መኪና መጥቶ ቲማቲም አራገፈልን። እሱም እንደ ፊተኛው የበሰለ ነበር። በሰሌዳው ዋጋ የሚገዛን አጣን፤ ምራቂ ልስጥ ብሎ የደፈረም አልነበረም። ደጁን ደጁን እናያለን።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አስካለ በእግራቸው መጡ። ነጠላቸውን አጥፈው አስቀመጡ፤ ሽርጣቸውን አሰሩ። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥተው የቲማቲሙን ዋጋ በመዳፋቸው አጠፉና ዝቅ ያለ ዋጋ ጻፉ።

«ችግሩን አስረዳኋቸው፤ ከእንግዲህ ቶሎ ለሚበላሽ ዕቃ ኃላፊው ዋጋ መቀነስ ይችላል ተብሏል» አሉ። «ለሁሉም ሱቅ ነው።»

«ለእርስዎስ ምን አሉዎት?» አለ ደምሴ።

«የቀዳም ሹሩን ጉድለት ከደመወዜ ይቆርጣሉ። በሉ፣ ሰው ይጠብቃል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ አዋቂ አይቻለሁ። እንደ እሳቸው ያደነቅኩት ሰው ጥቂት ነው። ያን መመሪያ ያሻሻሉትንም ሰዎች፣ ስማቸውን ባላውቅም፣ አመሰግናለሁ፤ ሰምተው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ደንብ ከሩቅ ስለሚወጣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ይጠብባል። ሕዝብ ፊት ቆሞ የሚሠራበት ሰው ሲገኝ ግን የታሰበለትን ሰው ያገኛል።

ይህን ሁሉ ለወጣቷ አልነገርኳትም። ቦርሳዬን ከፈትኩና እንደ እሷ ያለውን ካርድ አውጥቼ አሳየኋት። ሰናይት ካርዱን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ቁልፉን ማንቀጫቀጭ አቆመች።

«እኔም በዚህ ነው የምገዛው» አልኳት ወጣቷን። «መልሺ ያለኝ የለም።»

ወጣቷ ካርዱን አየች፤ እኔን አየች። ጎመኑን አነሣች፣ ካሮትና ቲማቲም ጨመረች። ከፍላ ሕፃኑን አስተካክላ አዘለችና ወደ አውቶቡሱ ሄደች።