ያልተዘጋው የሊሾ ደቦ

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራ መንደራችን ተነሣሁ። የሄድኩበት ጉዳይ የልጆች መጫወቻ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

መንደራችን መሀል ትልቅ የሲሚንቶ ሊሾ አለ። ለወፍጮ ቤት ተብሎ ተሠራ፣ ወፍጮው ግን ሳይመጣ ቀረ። ከፊቱ ለእህል ማውረጃ የተሠራ ተዳፋት አለው። ልጆች ከተሰበሩ ትራክተሮች ኩሽኔታ እየፈቱ ጣውላ ሥር ይገጥሙና እየጮኹ ይንሸራተቱበታል። የጎረቤት የበርታ ልጆችም ይመጡ ነበር። ሊቀመንበራችን ግን «ሊሾው የሰፋሪ ንብረት ነው» ብሎ አባረራቸው። እሁድ በስብሰባ አስወስኖ ሊያጥረው ነው።

እኔ ከላስታ የመጣሁት በኋለኛው ዙር ስለሆነ ሊሾው ሲሠራ አላየሁም። አሸዋውን በርታዎቹ ተሸክመዋል ሲባል ግን ሰምቻለሁ። ከራሳቸው አፍ ልስማ ብዬ ነው ወደ መንደራቸው ወደ መንጌ የወጣሁት።

ወደ መንጌ

እስከ መገንጠያው በትራክተር ተጎታች ሄድኩ። ሹፌሩ ዞሮ አየኝና፣

«እማማ፣ መንጌ ወርቅ ሊያጥቡ ነው?» አለኝ።

«ፍትሕ ላጥብ ነው። አንተ ፊት ፊትህን እይ!»

ከዚያ በእግሬ ቀርከሃውን ሰንጥቄ ወረድኩ። ወንዙ ዳር ሴቶች በእንጨት ገበቴ አሸዋ እያዞሩ ወርቅ ይፈልጋሉ። የሼህ ሐሩንን ቤት ብጠይቅ አንዷ ቀና ሳትል በአገጯ አሳየችኝ።

ሼህ ሐሩን ቤት

ሼህ ሐሩን የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ገና ሳልቀመጥ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልኝ።

«ስጋ የለም ውስጡ» አሉኝ፣ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛቸው። «አንተ የኛ ስጋ አትበላም፣ እናት። ብላ።»

በላሁ። ከዚያ ስለ ሊሾው ጠየቅኳቸው።

«የናንተ ሰው ደቦ ብሎ ጠራን። እኛ ነፊር እንላለን፣ አንድ ነው። አሸዋ ከወንዝ ተሸከምን። ሴቱም ተሸከመ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጠላ መጣ። ስጋ መጣ፣ የናንተ ሰው ያረደው። እኛ እስላም ነው። ወላሂ፣ ውሃ ጠጣን፣ ቤት ሄድን።»

«ለምን አልተናገራችሁም?»

ሚስታቸው ከጓዳ ሳቀች። «እንግዳ ሄዶ ድግስ ይሰድባል?»

ነገ ስብሰባ ላይ ይመስክሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከዚያ ቤት ተርበን ወጣን። ሲያበላ እመጣለሁ።»

ለአንዲት አሮጊት የተጠነቀቁትን ያህል፣ እኛ ለአንድ መንደር ሠራተኛ አልተጠነቀቅንም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ

ሊቀመንበሩ ዛፉ ሥር ቆሞ አጥሩን ሊያጸድቅ ሲል እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አሸዋውን ማን ተሸከመ?»

«በርታዎቹ። በደቦ ነው! በልተው ጠጥተው ሄደዋል።»

«ሲበሉ አይተሃል?»

የሰማሁትን ለሕዝቡ ተናገርኩ። «ላስታ እያለህ ደቦ ጠርተህ ሰዉን ጦሙን ብትሰድ ምን ትባል ነበር?»

«ሲሞት ቀባሪ አያገኝም ነበር!» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

«ያልበላ ደቦ አልተዘጋም» አልኩ። «ሊሾው ገና የሁለታችን ነው።»

ሊቀመንበሩ መውጫ ያገኘ መሰለው። «እሺ፣ እናብላቸውና ይዘጋ! ከዚያ አጥራለሁ።»

«አብላ። የደቦ ብድሩስ? እነሱ አሸዋ ተሸክመውልሃል፤ አንተ የእነሱን ማሽላ መቼ ታጭዳለህ?»

ያን ጊዜ ሳቁ ሁሉ በእሱ ላይ ሆነ። ደቦ በምሳ ብቻ እንደማያልቅ የማያውቅ ገበሬ እዚያ አልነበረም። እጅ ይውጣ ሲባል ለአጥሩ ያወጣ ጥቂት ነው።

በሳምንቱ ፍየል ገዛን፣ ሼህ ሐሩን ራሳቸው አረዱት፣ በአዲስ ድስት ሴቶቻቸው ሠሩት። እኛ ሽሯችንን ይዘን አጠገባቸው ተቀመጥን። ልጆቹ ማንንም አልጠበቁም፤ ሊሾው ላይ በአንድ ጣውላ ሁለት ሁለት ሆነው ይወርዱ ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው ለሥራ ከመጥራት በፊት ምን እንደሚበላ መጠየቅ ነው። ማጭዴን ስዬአለሁ፤ ሰኞ የሼህ ሐሩን ማሽላ ይታጨዳል፤ ሊቀመንበሩም ይመጣል።