ለለቅሶ የማትሄድ መኪና

ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ። ከደብረ ዘይት ቦሌ ድረስ የሸኘኝ ሚኒባስ ሰው በሰው ላይ ጭኗል፤ ግማሹን አላውቀውም። ሾፌሩ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ከጠሩት ይመጣል፤ ርቀቱን ጠይቆ አያውቅም። ያን ማታ ሁሉም አለቀሰልኝ። አንዷ ሴትዮማ አብዝታ ስታለቅስ ጊዜ ማን ናት ብዬ ብጠይቅ፣ ለካ ቦሌን ለማየት የተሳፈረች ናት።

ያመጣችኝ ልጄ ጽጌ ናት። ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ጀምሮ ሚድ ሲቲ፣ የእኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት ከሞላበት ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ አብሬያት አለሁ። አገር ቤት ጋሪ ነጂ ነበርኩ። እዚህ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ስጠብቅ ኖሬ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ተውኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ይህን የምጽፈው «አሜሪካ መኪና የሌለው የለም» እያላችሁ ለምትቀኑት ነው። እውነት ነው፣ የሌለው የለም። እንዴት እንደሚኖረው ግን ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ መክሊት አሥራ ስምንት ሞላት። የነርስ ረዳት ትምህርት አገኘች፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሁለት አውቶቡስ ይያዛል፤ አንዱ ሲገኝ አንዱ ያመልጣል። ሁለት ጊዜ አረፈደች። አስተማሪዋ «ሦስተኛ ካረፈድሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» አለቻት። ሁለተኛ ባረፈደችበት ጠዋት ፒኮ ጎዳና ላይ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ፌርማታው ወንበር ላይ አንቀላፍታ፣ አውቶቡሱ ጥሏት ሲሄድ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አየሁ። ጮህኩ፤ አልሰማችም። ይቺ ልጅ መኪና ካላገኘች ትምህርቷ አበቃ አልኩ።

መግዛት አልቻልንም። ጽጌ «ሊዝ ይሻላል» አለች። ሊዝ ማለት ሦስት ዓመት ነድተህ፣ ወር በወር ከፍለህ፣ አጥበህ ወልውለህ መመለስ ነው። እኔ ጋሪ ተከራይቼ ስለኖርኩ አልገረመኝም። ልዩነቱ፣ የጋሪው ባለቤት ማታ ስመልስለት የሚያየው ፈረሱን ነበር፤ እነዚህ የሚያዩት የሄድክበትን መንገድ ነው።

ከክሬንሾው አለፍ ብሎ መኪና የሚሸጥበት ግቢ እኔና መክሊት ሄድን። ጽጌ አሮጊት የምትጠብቅበት ሥራ ላይ ናት፤ ነገሩ ሲያልቅ መጥታ ከልጇ ጋር ትፈርማለች። በሩ ላይ የወሩ ክፍያ የእኔን ቁመት በሚያህል ቁጥር ተጽፏል። ከሥሩ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ጽሕፈት አለ። መክሊት ጉንዳኑን አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ጠቆረ።

«አባባ፣ ይሄ ዋጋ የሚሠራው ቀድመህ ብዙ ገንዘብ ከከፈልክ ነው» አለችኝ። እዚህ ያደገ ልጅ አንቱ አያውቅም፤ ለምጄዋለሁ።

ሬይ የሚባል ሻጭ ወጣ። ጥርሱ ከመኪናዎቹ ይበልጥ ያበራል። «ማይ ፍሬንድ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ፤ ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። ውኃ በጠርሙስ ሰጠን፤ እኔም እንግዳ ተቀባይ መስሎኝ መረቅኩት። ከዚያ «ማናጀሬን ልጠይቅላችሁ» ብሎ መስተዋት ቤት ገባ። ከማናጀሩ ጋር ሳንድዊች ሲበሉ በመስተዋቱ ይታያሉ። አፉን እየጠረገ መጣና፣ «ለምኜላችሁ ነበር፤ ከዚህ አይወርድም» አለ።

እኔ ገበያ አውቃለሁ። «ተነሽ» አልኳት። ደብረ ዘይት ሻጭ ጀርባህን ሲያይ «ና እስቲ አባቴ፣ ስንት አልክ?» ይላል። ሬይ «ሃቭ ኤ ጉድ ዴይ» አለኝ። ፌርማታው ድረስ ሄድን፤ የሚጣራ የለም።

«አባባ፣ እዚህ እንደዚህ አይሠራም።»

«ቆይ፣ አሁን ይወጣል።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ሬይ አልመጣም። ተመልሰን ገባን። «ዌልካም ባክ» ሲለኝ ያ ሁሉ ጥርስ በቦታው ነበር።

ከዚያ የማይሉ ነገር መጣ።

«በዓመት ስንት ማይል ድራይቭ ታደርጋላችሁ ይላል» አለችኝ።

«ማን እንደሚሞት በምን አውቄ?»

«አባባ!»

«ምን አጠፋሁ? ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ኤርፖርት የሚቀበሉት ሰው አለ። ንገሪው።»

አልነገረችውም። «ስኩል ኤንድ ወርክ» ስትለው ሰማሁ። ያችን ያህል እንግሊዝኛ አለኝ።

ሬይ አስረዳን። ማይሉ ባነሰ ቁጥር የወሩ ክፍያ ያንሳል፤ ካለፈ ግን ስትመልሰው እያንዳንዷ ማይል ታስከፍላለች። መክሊት ሬስቶራንት እያስተናገደች በምታገኘው የምትችለው ትንሹን ብቻ ነው። ስልኳ ላይ ደመረች። ትምህርት ቤትና ሥራ ደርሳ ስትመለስ የሚተርፍ መንገድ የለም።

«ሶ፣ ለቅሶ የለም» አለችኝ።

«ለለቅሶም?»

«ለለቅሶም። ካለፈ የምከፍለው እኔ ነኝ። ደግሞ አንተ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ሁሉ ትሄዳለህ።»

«ብሄድስ? እኔ ስሞት ማን ሊመጣ ነው?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺ ብቻሽን ለቅሶ አትሆኚም።»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ «አባባ፣ አንዴ ካረፈድኩ እኮ አለቀ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። ሬይ በቀለሙ የተጣላን መስሎት «ቀይም አለን» አለ።

ቃል ሰጠሁ። ሰጠሁ እንጂ አልተዋጠልኝም።

ጽጌ መጥታ ፈረመች። መኪናዋ ግራጫ፣ ትንሽ ናት፤ ውስጧ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ፌርፋክስ ደርሷል። የዚያኑ ዕለት በርበሬ የምንገዛበት ሱቅ ስገባ አንዱ «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ ወርቁ!» ብሎ ጨበጠኝ። እጄን ሳይለቅ፣ «ኦኬ፣ ማክሰኞ እህቴ ከአዲስ አበባ ትገባለች፤ ሻንጣዋ ብዙ ነው» አለ። ሰውዬው ራሱ ታክሲ ነጂ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ በር ተንኳኳ። ከታች ቤት ያሉት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«የግርማ እናት አገር ቤት አርፈዋል። መርዶው አሁን ሊነገረው ነው። ይነሡ ጋሼ ወርቁ፣ ልጅቷ ታድርሰን፤ መኪና ገባላችሁ አይደል?»

ግርማ ዳውንታውን አብሮኝ የሠራ ነው። እኔ ስታመም የእኔን ሰዓት ደርቦ የቆመልኝ ሰው ነው። ቤቱ ደግሞ ቫሊ ነው፣ ሩቅ።

መክሊት ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ከመኝታ ቤት ወጣች፤ ቁልፉ በእጇ ነው።

«አባባ፣ ልውሰዳችሁ?»

ስትጠይቀኝ ዓይኔን አላየችም። ስልኳ ላይ የቫሊን ርቀት እያየች ነበር።

«ግቢና ተኚ» አልኳት።

«ምነው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«መኪናው የሰው ነው።»

አልዋሸሁም፤ ወረቀቱም የሚለው እንደዚያ ነው። እሳቸው በመስኮት መኪናዋን አዩ፣ ቁልፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይሁን» አሉ። የእኛ አገር ሴት «ይሁን» ስትል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወረድኩ። በመኪናዋ አጠገብ አለፍን፤ ጤዛ አልብሷታል። ፒኮ ላይ አውቶቡስ ቆመን ጠበቅን፤ ሲመጣ መርዶው እንዳለፈን ሁለታችንም እናውቃለን። እትዬ ዘነበች ቀድመውኝ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። አጠገባቸው ባዶ ቦታ ነበር፤ ስደርስ ቦርሳቸውን አስቀመጡበት። ወደ ኋላ አለፍኩና ቆምኩ።