ድዳዋ ዶ

ስሙን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰፈሩ ሁሉ «ቆይ-ቆይ» ነው የሚለው። ተናዶበትም አያውቅ፤ እንዲያውም ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ቆይ-ቆይ ነኝ» ይላል። ይህን ስም ያወጡለት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ፒያኖ እየመታ የሚያዘምራቸው ልጆች ናቸው። ዘፈኑ አለቀ ሲሉት አያልቅማ!

ጥፋቱ የፒያኖው እንጂ የእሱ አልነበረም። መሃል ላይ ያለችው ዶ፣ የዶ-ሬ-ሚ መጀመሪያ፣ ዜማ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቤቴ ብሎ የሚገባባት ቁልፍ፣ ድዳ ነበረች። ብትጫናት «ጠቅ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አትልም። ሌላ ዶ የለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አለ፤ ግን አንዷ ለልጆቹ ጉሮሮ ትቀጥናለች፣ ሌላዋ ትወፍራለች። ፒያኖ ጠጋኝም አንድ ቀን መጥቶ ክዳኑን ከፍቶ አየና «ዕቃው አይገኝም» ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

ቆይ-ቆይ ታዲያ ዘዴ ፈጠረ። ሶልን፣ ሲንና ፋን አንድ ላይ ይጫናል፤ ሦስቱ አብረው ሲጮሁ፣ ማስነጠስ መጣሁ መጣሁ ብሎ እንደቀረበት ሰው ያደርጉሃል። ከዚያ ወደ ዶ እንደመግባት ወደ ላ ይታጠፋል፣ ሬን ጎብኝቶ ተመልሶ ሶል ላይ ይንጠለጠላል። መንገዱን በየቀኑ ከራሱ ያፈልቃል፤ የትናንቱን አይደግምም። ልጆቹ ጭንቅ ጥብብ ሲላቸው እጁን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። እነሱም ባንድ አፍ «ዶ!» ብለው ይጮሁና እፎይ ይላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናቱ ሊዘጋ ሆነ። አንድ ሆቴል ለምሳ ሰዓት ፒያኖ ተጫዋች ይፈልጋል ሲባል ሮጦ አመለከተ። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ቤቱም ፒያኖ የለው። ይህ ካመለጠው ከፒያኖ ጋር መለያየቱ ነው። በፈተናው ቀን ሚስቱ ኮቱን እየተኮሰች «በሞቴ፣ ዛሬ እንኳን ዘፈኑን ጨርሰው» አለችው።

«ምን ነካሽ፣ እጨርሰዋለሁ!» ብሎ ወጣ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሰዓቷን አየት አድርጋ «እስኪ ይጀምሩ» አለችው። ጀመረ። ፒያኖ ብሎ ዝም! ቁልፎቹ ገና ጣት ሲያርፍባቸው ይዘምራሉ። አንድ ቀላል ዜማ አነሳና አጣመመው፣ አስጨነቀው፣ መልሶ አባበለው። ሴትዮዋ ሰዓቷን ረሳች። ሶል፣ ሲ፣ ፋ። አሁን ዶን አንዴ ቢጫናት ሥራው የእሱ ነው።

እጁን ከፍ አድርጎ ጠበቀ።

አይ ልማድ! ልጆቹን እኮ ነው የሚጠብቀው። አስተናጋጆቹ ሰሃን እንደያዙ ቆሙ። የሥራ አስኪያጇ አንገት እንደተሰገገ ቀረ። ቆይ-ቆይ ያደረገው ሲገባው እጁን ሊያወርድ ሞከረ፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። «በቃ፣ ጉድ ሆንኩ» አለ በሆዱ።

ያን ጊዜ ከኩሽናው በር አንድ ወፍራም ድምፅ «ዶ!» ብሎ አምባረቀ።

ሼፉ ነበር፤ ጭልፋውን እንደያዘ በሩን ሞልቶት ቆሟል። አስተናጋጆቹ እፎይ አሉ፤ ሥራ አስኪያጇም ሳቋ አመለጣት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለ ሼፉ እየቀረበ። «እናቴ ጠዋት ጠዋት መዋዕለ ሕፃናቱ ጥላኝ ስትሄድ የማለቅሰው። እርስዎ እጅዎን ሲያነሱ ብቻ ነበር ዝም የምለው፣ ዶ እንዳታመልጠኝ ብዬ።»

ቆይ-ቆይ ልቡ ተነካ። የሼፉን ክንድ መታ መታ አደረገ።

«አንገቴን ሊያስቀሩት ነበር እኮ!» አለች ሥራ አስኪያጇ። «በሉ፣ ሰኞ ይጀምሩ።»

ደጅ እንደወጣ ለሚስቱ ደወለላት።

«እህ፣ ጨረስከው?»

«ሥራውን አገኘሁት» አላት እየሳቀ። «ዘፈኑን ግን አልጨረስኩትም። ሰው ጨረሰልኝ።»