የኋላ መብራት ፍለጋ፦ ከግሮቭፖርት በቤክስሊ በኩል ኦቤትስ፣ ደርሶ መልስ

ንጋት፣ ከምሥራቅ ኮሎምበስ

ገና ሳይነጋ ወጣን። ዝናብ ነው። ሥራዬ ሰው ማመላለስ ነው፤ ጠዋት ግሮቭፖርት መጋዘን አደርሳለሁ፣ ሺፍት ሲያልቅ እመልሳለሁ። ቫኔ አሮጌ ነው። በሩ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም፣ ሂተሩ ግን ዳቦ ይጋግራል። ዛሬ ከጎኔ ጋሼ ተሾመ አሉ፣ ምሳቸውን ታቅፈው። ከኋላ ደግሞ ሕይወት፣ ቀበቶዋን ሳታስር እንቅልፍ የሚወስዳት።

ሀይዌይ ላይ ከፊታችን ያለው መኪና ሁሉ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላችን ጎማ ጮኸ፣ ቀጥሎ ረጅም ክላክስ። አንድ ትልቅ ትራክ በጎናችን ተምዘግዝጎ አልፎ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ፊቱ አመድ መስሏል። መስኮቱን አውርዶ ጮኸ፦

«መብራትሽ የት አለ? መቆምሽን በምን ልወቅ?»

እጄን በይቅርታ አነሳሁለትና መንገዴን ቀጠልኩ።

ግሮቭፖርት

መጋዘኑ ግቢ ስንደርስ ሕይወት ወርዳ ከኋላ ቆመች። ፍሬኑን ረገጥኩ።

«ይበራል እትዬ ሙሉ። ግን የሲጋራ ጫፍ ነው የሚመስለው።»

ወርጄ አየሁት። ለበረዶ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨውና የበጋው ፀሐይ ቀዩን ሽፋን አንጥተውታል። ዝናብ ውስጥ ማን ያየዋል?

ጋሼ ተሾመ ዣንጥላቸውን ዘረጉ። «ሙሉ፣ አትቀየሚኝ። ስወጣ የወንድሜ ልጅ ፒክ ያደርገኛል። በዚህ መኪና ሁለተኛ አልሄድም።»

«ሲወጡ መብራቱ ተቀይሮ ያገኙታል፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተይው! ሴል አድርጊውና ሌላ ግዢ።»

እሳቸውና ሕይወት ወደ ሥራ ገቡ። እኔ ሞተሩን አስነሳሁ። ይኼ መኪና እኮ ሌሎቹ በበረዶ አልነሳም ሲሉ ተነስቶ ሰው ያደረሰ ነው።

ረፋድ፣ ቤክስሊ

ትልልቅ ዛፎች፣ የተከረከመ ሣር፣ ውሻ የሚያናፍሱ ሽማግሌዎች። አንድ ጋራዥ ገባሁ። ሜካኒኩ ትሁት ሰው ነው፤ ቫኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ለዚህ ዕድሜ መኪና አዲስ መብራት? እኔ ብሆን ለጀንክያርድ፣ ለቁርጥራጭ ብረት እሰጠዋለሁ።»

«ሞተሩ ደህና ነው?»

«ሞተሩማ ደህና ነው።»

«ፍሬኑስ?»

«ይይዛል።»

«እንግዲህ እኔ መብራት ነው የጠየቅኩህ። ቀብር አይደለም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቀትር፣ ኦቤትስ

መንገዱ በትራክ ተሞልቷል። ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ለቫኔ የሚሆን ሙሉ የኋላ መብራት ገዛሁ፦ ባለ ኤልኢዲ፣ ግራና ቀኝ። በዚያ ላይ ካቻቢቴ፣ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ዶናት። ሻጯ ጥፍሯን በሰማያዊ የተቀባች ወጣት ናት።

«ማን ይገጥምልሻል?»

«እኔ።»

ቀሚሴን አየች፣ ጫማዬን አየች።

እዚያው ፓርኪንግ ላይ ጀመርኩ። የግራው ብሎን ወዲያው ለቀቀ። የቀኙ ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ መዳፌ እስኪላጥ ታገልኩት። በመጨረሻ ሲጢጥ ብሎ ዞረ። አሮጌዎቹን ነቅዬ አዲሶቹን ሰካሁ። የሚያይልኝ ሰው ስለሌለ ቫኑን የኋሊት ወደ ሱቁ መስታወት አስጠጋሁና ፍሬን ረግጬ በስፖኪዮ ተመለከትኩ።

ግራው በራ። ቀኙ ድርግም እንዳለ ቀረ።

ዶናቱን የበላሁት ያኔ ነው፣ በንዴት። የሜካኒኩ ራስ መነቅነቅ ትዝ አለኝ። ቢሆንም ወረድኩ። ገመዱን በጣቴ ተከትዬ ስሄድ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ጥቁር ሽቦ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ፈትቼ፣ በብርጭቆ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ፈትጌ፣ መልሼ አጥብቄ አሰርኩት። እንደገና ፍሬን።

የሱቁ መስታወት ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ሻጯ ከውስጥ ሁለቱንም አውራ ጣቶቿን አነሳችልኝ። ብቻዬን መኪና ውስጥ «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ።

ከሰዓት፣ እንደገና ግሮቭፖርት

ሺፍት ሲወጣ በሩ ላይ ነበርኩ። ጋሼ ተሾመ ጥላ ሥር ቆመው የወንድማቸውን ልጅ ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ ባይሳፈሩም ይዩልኝ።»

እያጉተመተሙ ከኋላ ሄዱ። ረገጥኩ።

«ቆይ፣ ራቅ ልበል።» ራቁ። «ድገሚው!» አሁንም ራቁ፣ ከመኪኖቹ ሁሉ ጀርባ፣ አጥሩ ጋ። እዚያ ሆነው እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋረዱ። «ኧረ በቃሽ! ልታሳውሪኝ ነው?»

ተመልሰው ሲመጡ ስልካቸውን አውጥተዋል። «አትምጣ፣ መኪና አለኝ» አሉት ለልጁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሜካኒኩ ምን አለሽ?»

«ጣይው አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ይኸው፣ ይግቡ።»

በሩን በትከሻቸው ገፍተው ዘጉ።

አመሻሽ፣ ምሥራቅ ኮሎምበስ

መጀመሪያ ጋሼን፣ ቀጥሎ ሕይወትን አወረድኩ። ከቤቴ በፊት ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ ያዘኝ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከኋላዬ አንድም መኪና የለም። ቢሆንም ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጬ ያዝኩት። አስፋልቱ ከኋላዬ እንደ ፍም ቀልቶ ነበር።