የአንዷለም መርዶ

ነጅሙዲን ቆቦ ከተማ አውራ መንገዱ ዳር የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ከዚያ ሌላ ማንም የማይከፍለው ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው የሰፈሩ ቀብር እድር፣ የቅሬው መርዶ ነጋሪነት ነው። ክርስቲያን ይሙት እስላም፣ ጥሩንባ ይዞ ሰፈሩን ከጫፍ ጫፍ የሚያዳርሰው እሱ ነበር። ሁለተኛው ፌስቡክ ላይ የከፈተው ገጽ ነው። ቧንቧ በደረቀ፣ ትራንስፎርመር በተቃጠለ ቁጥር ይጽፍበታል። አክቲቪስት ያሰኘውም ይኸው ነው። እሱ ግን ቃሉን አይወደውም፤ የውሃ ነገር ያንገበገበው ሰው ነኝ እንጂ ነው የሚለው። ጉልበቱን ሲያመው ጥሩንባውን ሰቀለና መርዶውንም በገጹ ይነግር ጀመር።

መርዶው ሁልጊዜ ያው ነው። «ወንድማችን እገሌ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው። ቤተሰቡን ፈጣሪ ያጽናልን። ቅሬ፣ ድረሱ።» የአሟሟት ነገር አይነሳበትም። በቅሬ ወግ ሬሳ ደጅ ላይ እያለ እንዴት ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰው መጀመሪያ ይቀበራል። በሦስት ዓመት ውስጥ ነጅሙዲን ስልሳ አራት ሰው በዚሁ ቃል አስቀብሯል። ከነዚያ አንዱ የጎረቤቱ የትርንጎ ልጅ አንዷለም ነው።

አንዷለም ዋጃ ከተማ የቀን ሥራ አገኘሁ ብሎ ወጣ፤ በአራተኛው ወር ሬሳው መጣ። ታጥቆ ነበር የሚል አለ፣ በመንገዱ ሲያልፍ ተመትቶ ነው የሚልም አለ። እናቱ እንኳ ቁርጡን አታውቅም። ነጅሙዲን አልጠየቀም፣ መርዶውን ጻፈ። ከሥሩም ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ነፍስ ይማር፣ አብሽሪ ትርንጎ እያለ ጻፈ።

ትርንጎ ማንበብ አትችልም። በየገበያው ቀን ሽንኩርቷን ሸጣ ስትመለስ ሱቁ ደጅ ካለችው በርጩማ ላይ አረፍ ትልና «እስቲ አንብብልኝ» ትለዋለች። ከላይ እስከ ታች ያነብላታል። በየስሙ ራሷን ትነቀንቃለች።

«ዘነበች? ሮቢት ያለችው?»

«እሷው ናት።»

«ውለታዋን ይክፈላት።»

ታዲያ አንድ ቀን፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው የመርዶውን ስክሪንሾት አንስቶ፣ «ወንድማችን» የምትለዋን በቀይ ከቦ፣ «የአክራሪዎች ደጋፊ» ብሎ ለጠፈው። በሳምንቱ ነጅሙዲን ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ተጠራ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ጽሑፎቹን አትመው ደርድረው ጠበቁት። እሱም እንደ ሙያተኛ መጀመሪያ ያየው የኅትመቱ ቀለም መንጣቱን ነው። ሰው በጭንቅ ሰዓት የሚያስበው አይታወቅም።

«ወንድማችን ያሉት ለምንድን ነው?»

«ሁሉንም ወንድማችን ነው የምል። የሞተውን ወታደርም እንደዚሁ ብያለሁ፣ ይኸው እናንተው ያተማችሁት።»

«እሱን አይተነዋል። እኛ የጠየቅነዎ ስለዚህኛው ነው።»

«በቅሬ ሟች አይለይም እኮ፣ ጌታዬ።»

ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሻይ ሁሉ ጋብዘውታል። ግን ቁርጡን ነገሩት። እስከ እሑድ መርዶውን ያጥፋ፣ በምትኩም «በስህተት የወጣ ነው፤ ሟቹን አናውቀውም» ብሎ ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ጭር አለ። ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ ማዶ ካለው ሱቅ መሰለፍ ጀመረ። ድሮ ቆሞ የሚያወጋው ወዳጁ በከንፈሩ ብቻ ሰላም ብሎት ያልፋል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤትም ሲገባ የሚያናግረው የለም። የቅሬው ዳኛ እሸቴ ብቻ ብቅ አለና «ነጅሙ፣ ጻፈውና ይልቀቁህ። ቅሬያችንን አታስነካካብን» ብሎት ሄደ።

ከሁሉ የከፋው ቁጥሩ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ መቶ ሆነ፣ ከዚያ አርባ፣ ከዚያ ስድስት። ሰው በፍርሃት የጻፈውን እያነሳ ነው። ከጠፉት መካከል የገዛ ልጁ የፈሪሀ ጽሑፍም ነበረበት። ፈሪሀ ደሴ ከተማ የመንግሥት ሥራ ላይ ናት፤ አልፈረደባትም። ግን እንደሷ ያመመው የለም።

ቅዳሜ ትርንጎ መጥታ ተቀመጠች። ከመርዶው ሥር አንድም ስም አልቀረም። ነጅሙዲን ስልኩን ወደ ራሱ አስጠግቶ ጉሮሮውን ጠረገና በቃሉ ማንበብ ጀመረ። ዘነበች ላይ ሲደርስ ትርንጎ እጁን ያዘችው።

«ዘነበች መንገድ ላይ አግኝታኝ እያለቀሰች ነግራኛለች። ሁሉም አጥፍቶታል አሉ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ስታነብልኝ ደስ ይለኛላ። በል አሁን አጥፋው ነጅሙ። የኔስ ልጅ ተቀብሯል፣ አንተን ደሞ እንዳይወስዱብኝ።»

«ማጥፋቱንስ አጠፋዋለሁ። አናውቀውም ብለህ ጻፍ ነው የሚሉኝ።»

ትርንጎ የሱቁን መደርደሪያ አየች። «የመጀመሪያ ደብተሩን የገዛሁለት እኮ ከዚህ ነው» አለች።

እሑድ ከቀትር በፊት መርዶውን አጠፋ። ሌላውን ግን አልጻፈም። ሊጽፍ ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቶ ነበር፤ ፈርቶ ነበር፣ ጀግና አልነበረም። ጣቱ እምቢ አለው እንጂ።

ሰኞ ቅሬው ተሰብስቦ መርዶ ነጋሪነቱን ለሌላ ሰጠ። ገጹንም እሱው ዘጋው፤ ስለ ውሃውም ከዚያ ወዲህ የጻፈ የለም። ጥሩንባውን ራሱ ከግድግዳ አውርዶ ወስዶ አስረከበ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፣ ማንም ቀና ብሎም አላየው። አሁን ሰው መሞቱን የሚሰማው ቀብርተኛው በሱቁ ደጅ ሲመለስ ነው። ስልሳ አራት ሰው ያስቀበረ ሰው፣ የቀረበትን ቀብር ለብቻው ቁጭ ብሎ ያስባል። ይከፋዋል፤ በጣም ይከፋዋል።

በሚቀጥለው ገበያ ትርንጎ ባዶ ዘንቢሏን አስቀምጣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ አንብብልኝ።»

ነጅሙዲን ስልኩን አወጣ። አልከፈተውም። «ወንድማችን አንዷለም ከዚህ ዓለም ተለይቷል» ብሎ ጀመረ። ስሞቹን አንድ በአንድ አለፈ፤ ሴይዳን፣ ዘላለምን፣ የሮቢቷን ዘነበችን። ፈሪሀ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ።

ትርንጎ ጠበቀችው። እንዳልቻለ ስታይ እሷው ቀጠለችለት።

«ፈሪሀ ነጅሙዲን» አለች በቃሏ። «አብሽሪ እማ ትርንጎ፣ እኔም ልጅሽ ነኝ።»