የየሺ ኮምፒውተርና የበግ ጠጉር

ጊዜው 1995 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ጉልበቴ ገና ስላልከዳኝ ራሴን ከጎረምሳ እቆጥር ነበር። ምክር የማልሰማውም ለዚያ ይመስለኛል። አሁን ጉልበቱ ሄዷል፤ አለመስማቱ ግን አለ ይላሉ ልጆቼ።

ነገሩን ያስታወሰችኝ የልጄ ልጅ ናት። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር ገዝታ መጣችና ካርቶኑን ስትከፍት፣ ዙሪያውን ነጭ ስፖንጅ ተወትፎበት አየሁ። “እንዳይጋጭ እኮ ነው አባባ” አለችኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። ደጅ ማንም አልነበረም፤ እኔ ግን ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

ታናሽ እኅቴ የሺ ባሏን ፈትታ፣ ልጆቿን ይዛ መሐል ሜዳ ከተማ ገብታ ነበር። ከመሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለባላገሩ ማመልከቻ በኮምፒውተር ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ የስንት ሰው እጅ ያየ አሮጌ ነው። ሲከፈት እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ትንሽ ጽፋበት ሳትጨርስ ቀጥ ይላል። ባላገሩም “እታለም፣ ከብቶቼ ውኃ ሳይጠጡ ሊመሽ ነው” እያለ ጥሏት ወደ ሌላ ጸሐፊ ይሄዳል።

በገና ጾም አንድ መምህር መጣና የትምህርት ቤቱን ፈተና እንድትጽፍለት ሊሰጣት እንዳሰበ፣ ግን ማሽኑ እንደሚያሠጋው ነገራት። “በገና ገበያ ዋዜማ መጥቼ አያለሁ። ከሠራ ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልሠራ ደብረ ብርሃን እልከዋለሁ” አላት። አዲስ የምትገዛበት አቅም የላትም። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቴክኒሻን ግን በስልክ አጽናናት፦ ሳጥኑም ስክሪኑም ባሉበት ይቆዩ፣ ሚሞሪ ይጨመርለት፣ ሃርድ ዲስኩም ባገለገለ ሰፋ ባለ ይቀየር፣ ያኔ ይሮጣል። የጆሮ ወርቋን ሸጠች። ልጆቿን ትታ መሄድ ስለማትችል፣ እነሱ ሲፒዩ የሚሉትን ሳጥን እኔ እንዳደርስላት ለመነችኝ።

“ጋሼ፣ አደራህን” አለችኝ። “ልጆቼን የማበላው በሱ ነው።”

“እንቁላል ሳልሰብር ደብረ ብርሃን የማደርስ ሰው ነኝ፤ ብረት ያቅተኛል?” አልኳት።

በእኛ አገር፣ ዕቃ እንዳይሰበር ከተፈለገ ባዶ ቦታ አይተውለትም። እንቁላል በገለባ ይቀበራል፤ የአረቄ ጠርሙስ በበግ ጠጉር ይጠቀጠቃል። ስሄድ ሳጥኑን ከውጭ ብቻ በባና ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። ሞላሌን ካለፍን በኋላ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ኳ ኳ ሲል እየሰማሁ የበጠበጥኩትን በሶ ትቼ ሳጥኑን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኩት።

ቴክኒሻኑ ሥራውን ጨርሶ ሲያስረክበኝ፣ “ውስጡን ጠጉር ብጠቀጥቅበትስ?” አልኩት።

“ኧረ አባቴ! ማራገቢያ አለው እኮ፤ አየር ይፈልጋል። ገለባ እንኳ እንዳያስገቡበት!”

“የመንዝን መንገድ ታውቀዋለህ?”

“አላውቀውም።”

“እንግዲያው ዝም በል።”

ሳቀ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። ካደርኩበት ዘመዴ ቤት ቅባቱ ያልለቀቀ፣ ያልታጠበ ጠጉር ለመንኩና ክዳኑን በቢላ ፈትቼ ጥግ ጥጉን ሞላሁት። ስደርስ አወጣዋለሁ ብዬ ነው። በመንገድ ላይ ኳ የለ፣ ኮሽ የለ። “ዝም በል ማለቴ ይኸው!” እያልኩ ቆሎዬን ቆረጠምኩ።

ጣርማ በር ላይ ጎማ ፈነዳና ዘገየን። ስደርስ መምህሩ ወረቀቱን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ጎረቤቱም ተሰብስቧል። የሺ ሳጥኑን ከእጄ ነጥቃ ገመዶቹን መሰካካት ጀመረች።

“ቆይ” አልኳት።

“ምነው?” አለ መምህሩ ቀና ብሎ።

የተማረ ሰው ፊት፣ ውስጡ የበግ ጠጉር አለ ማለት አፈርኩ። “ምንም” አልኩ። ለጥቂት ጊዜ ምን ይሆናል ብዬም ራሴን አታለልኩ።

እንደ ነካችው ተከፈተ። ጻፈች፤ አልቆመም። የሺ ዞራ ሳቀችልኝ፤ ከተፋታች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ወዲያው ሽታው መጣ። አንዲት መንገደኛ ሴት አንገቷን በበሩ አስገብታ፣ “እናንተ! በጾም የበግ ጭንቅላት የሚለበልበው ማነው?” አለች። ስክሪኑ ጠቆረ። የሺ ክዳኑን ብትከፍተው ጠጉሩ ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሞ ይጨሳል።

“ይህን ማን ከተተው?” አለ መምህሩ።

አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣም። የሺ አንድ ጊዜ አየችኝና “እኔ ነኝ” አለች። “ለብርዱ ብዬ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም። “የምታውቂ መስለሽኝ ነበር” ብሏት ወረቀቱን ይዞ ወጣ። በየስብሰባው ማንንም የማላስናግረው ሰውዬ፣ ጋቢዬ ላይ የበግ ጠጉር እንደተጣበቀ ቆሜ ቀረሁ። ሰዉ ሲሄድ ሽሮ አቀረበችልኝ። “ጋሼ፣ ብላ እንጂ፤ መንገድ ደክሞሃል።” ሳልነካው ተነሣሁ።

ማሽኑ ኋላ ሌላ አንጀት ተገዝቶለት ዳነ፤ የዚያ ዓመት ፈተና ግን ደብረ ብርሃን ተጻፈ። ስለ ግትርነቴ የሚወቅሰኝ ብዙ ነው። ግትርነቴ ያን ያህል አያሳፍረኝም፤ መንገዱንም ከዚያ ቴክኒሻን ልጅ ይልቅ አውቀው ነበር እላለሁ። የሚያሳፍረኝ ዝም ያልኩት ነው። የሺ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ግን፣ በማግሥቱ ጠዋት፣ ውርጩ ሳይቀልጥ፣ ሳጥኑን ክዳኑን ሳልገጥም፣ ያረረው ጠጉር እየታየ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ወደ ደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ በጓሮ የሚያቋርጥ መንገድ አለ። እኔ በገበያው መሐል ሄድኩ። “ምንድን ነው የተሸከምከው?” ያለኝን ሁሉ እየቆምኩ፣ “የየሺ ኮምፒውተር ነው፤ ጠጉር የጠቀጠቅኩበት እኔ ነኝ” አልኩ። መምህሩ በግ ተራ ቆሞ የገና በግ ወገብ ይዳብሳል። ለእሱ ሳይጠይቀኝ ነገርኩት።